ዓለም ምን ያውቅ ነበር፣ ምንስ ወሰነ? የሩዋንዳን የዘር ማጥፋት በቀንና በሰነድ የማጥናት መመሪያ

ስለ ሩዋንዳ የዘር ማጥፋት ወንጀል በተነሣ ቁጥር «ዓለም ዝም ብሎ ተመለከተ» የሚለው አባባል ሳይጠቀስ አያልፍም። አባባሉ ቁጭትን ይገልጻል፤ ታሪኩን ግን አያስረዳም። ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ በ1994 ተሰብስቧል፣ ተከራክሯል፣ ድምፅ ሰጥቷል፣ ዜጎቹን አስወጥቷል፣ በስፍራው የነበረውን ሰላም አስከባሪ ኃይልም በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በሙሉ ስምምነት ቀንሷል። እነዚህ ሁሉ ቀንና ቁጥር ያላቸው ውሳኔዎች ስለሆኑ አንድ በአንድ ሊጠኑ ይችላሉ። ይህ መመሪያ ለተማሪ፣ ለመምህር፣ ለጋዜጠኛ ወይም የመታሰቢያ መርሐ ግብር ለሚያሰናዳ ሰው ጥናቱን ከየት ጀምሮ እንዴት እንደሚያካሂደው ያሳያል።

የአሠራሩ መሠረት አንድ ደብተር ነው። ገጹን በሁለት ዓምድ ይክፈሉት፤ በአንደኛው ዓምድ በዚያ ቀን ሩዋንዳ ውስጥ የሆነውንና ስለ ሁኔታው ወደ ውጭ የተላከውን መረጃ፣ በሁለተኛው ዓምድ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በኒው ዮርክ፣ በዋሽንግተን፣ በፓሪስና በብራሰልስ የተወሰነውን ይጻፉ። ጥናቱ በመሠረቱ የሁለቱን ዓምዶች ርቀት መለካት ነው። የአማርኛ አንባቢ በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ሰነዶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ስለሆኑ እስከ መጨረሻው በዚያው መሥራትና ለአንባቢ ወይም ለአድማጭ ሲቀርብ ብቻ አንድ ጊዜ መመለስ ይሻላል። ጭፍጨፋው የጀመረበት የኤፕሪል 6 ቀን 1994 ምሽት በእኛ መጋቢት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ገጽ ላይ የቀላቀለ ሰው ከሳምንት በላይ የሆነ ስሕተት ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ በዚህ ታሪክ ደግሞ የአንድ ሳምንት ልዩነት ብዙ ነገር ይለውጣል።

ሕጉን አስቀድሞ ማንበብ

ወደ ድርጊቱ ከመግባት በፊት የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የተደረገውን ስምምነት ማንበብ ያስፈልጋል። ስምምነቱን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 9 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ አጽድቆት በጃንዋሪ 12 ቀን 1951 ሥራ ላይ ውሏል። ወንጀሉ የተጠራበትን ቃል በ1944 የፈጠረው ፖላንዳዊው አይሁዳዊ የሕግ ባለሙያ ራፋኤል ሌምኪን ሲሆን፣ ድርጊቱ በዓለም አቀፍ ሕግ የተለየ ወንጀል ሆኖ እንዲደነገግ ከማንም በላይ የተሟገተውም እርሱ ነው። ስምምነቱ 19 አጫጭር አንቀጾች ብቻ ስላሉት አንዴ ተቀምጦ አንብቦ መጨረስ ይቻላል።

በሚያነቡበት ጊዜ በአራት ቦታዎች ላይ ምልክት ያድርጉ። አንቀጽ 1 አባል አገሮች ወንጀሉን የመከላከልና የመቅጣት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ግዴታው ከቅጣት በፊት መከላከልን እንደሚያስቀድም ልብ ይበሉ። አንቀጽ 2 ወንጀሉን ይተረጉማል፦ አንድን ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት በማሰብ የቡድኑን አባላት መግደል፣ በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ፣ ለጥፋት በሚዳርግ የኑሮ ሁኔታ ውስጥ ሆን ብሎ ማስገባት፣ መውለድ እንዳይችሉ ማድረግ፣ ወይም ልጆቻቸውን በኃይል ወደ ሌላ ቡድን ማዛወር። አንቀጽ 3 ከድርጊቱ በተጨማሪ ማሴርን፣ በቀጥታና በይፋ ማነሣሣትን፣ መሞከርንና ተባባሪ መሆንን ያስቀጣል። አንቀጽ 8 ደግሞ ማንኛውም አባል አገር የተባበሩት መንግሥታት አካላት እርምጃ እንዲወስዱ መጠየቅ እንደሚችል ይገልጻል። አንድ መንግሥት «ምን ማድረግ እችል ነበር?» ብሎ ሲከራከር መልሱ መፈለግ ያለበት በዚህ አንቀጽ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ «በማሰብ» የሚለው ነው። የሟቾች ብዛት ብቻውን ወንጀሉን ዘር ማጥፋት አያደርገውም። ብዙ ሰው የተገደለበት ድርጊት በሰው ልጆች ላይ የተፈጸመ ወንጀል ወይም የጦር ወንጀል ሊባል ይችላል፤ ይህም ወንጀሉን አያቀልለውም። አጥኚው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሐሳብን ማስረጃ፣ ማለትም ዕቅድን፣ ትእዛዝን፣ የስም ዝርዝርን፣ የመሣሪያ ክፍፍልንና የጥላቻ ቅስቀሳን ለይቶ መመዝገብ አለበት።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ስምምነቱን ከሁሉም አገሮች ቀድማ በጁላይ 1 ቀን 1949 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ መሆኗ ነው፤ ዩናይትድ ስቴትስ ያጸደቀችው በ1988 ነበር። ሁለተኛው፣ ስምምነቱ የፖለቲካ ቡድኖችን ከጥበቃው ውጭ ሲተው፣ የኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281፣ አሁን የሚሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 269 የፖለቲካ ቡድኖችንም የሚያካትቱ መሆናቸው ነው። የደርግ ባለሥልጣናት በቀይ ሽብር ጉዳይ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ ሰፊ ትርጉም መሠረት ነው። ስለዚህ አንድ የአገር ውስጥ ፍርድና አንድ የዓለም አቀፍ ፍርድ ወንጀሉን በተመሳሳይ ስም ስለጠሩት ብቻ በአንድ ሚዛን አይለኩም፤ ፍርዱ በየትኛው ሕግ እንደተሰጠ ሁልጊዜ ከጎኑ ይጻፍ።

ታሪኩን እስከ ምን ድረስ ወደ ኋላ መውሰድ?

ብዙ አጥኚዎች ወደ ቅኝ ግዛት ዘመን ከገቡ በኋላ ከዚያ መውጣት ያቅታቸዋል። የቤልጂየም አስተዳደር በ1930ዎቹ ሩዋንዳውያንን ሁቱ፣ ቱትሲና ትዋ ብሎ በመታወቂያ ወረቀት መመደቡ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ያ የመታወቂያ አሠራር ከነጻነት በኋላም ሳይሻር ቆይቶ በ1994 በየኬላው የሚቆሙ ገዳዮች ማንን እንደሚገድሉ የሚለዩበት መሣሪያ ሆኗል። የ1959ኙ ሁከትና የብዙ ቱትሲዎች ስደት፣ የ1962ቱ ነጻነት፣ ጁቬናል ሀቢያሪማና በ1973 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን መያዛቸው፣ በስደተኞቹ ልጆች የተመሠረተው የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር በኦክቶበር 1990 ከዩጋንዳ ተነሥቶ ጦርነት መክፈቱ በአጭሩ ይመዝገቡ። ጥናቱ በዝርዝር መጀመር ያለበት ግን ከኦገስት 1993 ነው ባይ ነኝ።

በኦገስት 4 ቀን 1993 መንግሥትና ግንባሩ ታንዛኒያ ውስጥ በአሩሻ ከተማ የሥልጣን ክፍፍል ስምምነት ፈረሙ። በዚያው ክረምት ኤርቴኤልኤም የተባለው የግል ራዲዮ ሥርጭት ጀመረ፤ ሙዚቃና ቀልድ እያፈራረቀ ቱትሲዎችን «በረሮ» ብሎ የሚጠራው ይህ ጣቢያ ኋላ ግድያው ሲጀመር የሚታደኑ ሰዎችን ስምና አድራሻ ጭምር ያሰራጭ ነበር። በኦክቶበር 5 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 872 ዩናሚር የሚባለውን ሰላም አስከባሪ ኃይል አቋቋመ፤ አዛዡም ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ሆኑ። ውሳኔው በጸደቀበት ሳምንት ሞቃዲሾ ውስጥ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ተገድለው ነበር። ይህ ነገር በሁለተኛው ዓምድ ራስጌ ላይ በደማቁ መጻፍ ያለበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ስለ ሩዋንዳ ያሰበችውን ሁሉ በሶማሊያ ጥላ ሥር ሆና ነው ያሰበችው።

ሁለቱ ዓምዶች፦ ከጃንዋሪ 11 እስከ ኤፕሪል 21

በጃንዋሪ 11 ቀን 1994 ዳሌር ወደ ኒው ዮርክ የፋክስ መልእክት ላኩ። ኢንተርሃምዌ የተባለውን ሚሊሻ የሚያሠለጥን አንድ መረጃ ሰጪ እንደነገራቸው፣ በኪጋሊ የሚኖሩ ቱትሲዎችን በሙሉ እንዲመዘግብ ታዝዟል፤ ዓላማውም እነርሱን ማጥፋት እንደሆነ ጠርጥሯል፤ የእርሱ ሰዎች በ20 ደቂቃ ውስጥ እስከ 1,000 ቱትሲዎችን ሊገድሉ ይችላሉ፤ የቤልጂየም ጦር ከሩዋንዳ እንዲወጣ ለማድረግም ጥቂት የቤልጂየም ወታደሮችን የመግደል ዕቅድ አለ። ዳሌር በ36 ሰዓት ውስጥ የመሣሪያ ማከማቻውን ሊፈትሹ ማሰባቸውንም ገለጹ። በኮፊ አናን ይመራ የነበረው የሰላም ማስከበር ክፍል መልስ ፍተሻው ከተልእኮው ውጭ መሆኑን የሚገልጽ ነበር፤ በምትኩ መረጃውን ለፕሬዚዳንት ሀቢያሪማናና በኪጋሊ ለነበሩት ለቤልጂየም፣ ለፈረንሳይና ለአሜሪካ አምባሳደሮች እንዲያሳውቁ ታዘዙ።

ይህን ሰነድ ሲያጠኑ «ማስጠንቀቂያ ነበር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሦስት ጥያቄዎች ያቅርቡለት፦ መረጃው ማን ጋ ደረሰ? የደረሰው ሰው ምን ሥልጣን ነበረው? እምቢታው በምን ምክንያት ተሰጠ? መልሶቹን ሲያሰልፏቸው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት መንግሥታትና የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት በኪጋሊ ምን እየተዶለተ እንደነበር እናውቅም ነበር ማለት እንደማይችሉ ይታያል። የተከለከለው እርምጃ ግን ሁሉን ነገር ይለውጥ ነበር ብሎ መደምደም ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ማስረጃ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

በኤፕሪል 6 ምሽት ሀቢያሪማናና የቡሩንዲው ፕሬዚዳንት ሲፕሪየን ንታርያሚራ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ኪጋሊ ሊያርፍ ሲል ተመትቶ ወደቀ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አጋት ኡዊሊንጊይማና ተገደሉ፤ ሊጠብቋቸው የተላኩት 10 የቤልጂየም ወታደሮችም ተማርከው ወደ አንድ የጦር ሠፈር ከተወሰዱ በኋላ ተገደሉ። የጃንዋሪው ፋክስ የተነበየው አንዱ ነገር ከሦስት ወር በኋላ ቃል በቃል ተፈጸመ። ውጤቱም ያሴሩት እንዳሰቡት ሆነ፤ ቤልጂየም ጦሯን ለማስወጣት ወሰነች፣ ሌሎችም እንዲወጡ ትወተውት ጀመር። የፈረንሳይ፣ የቤልጂየምና የኢጣሊያ ወታደሮች የውጭ ዜጎችን ለማውጣት በቀናት ውስጥ ኪጋሊ ገቡ። ይህንንም በሁለተኛው ዓምድ ሲጽፉት አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ በዚያ ሳምንት ኪጋሊ ውስጥ የሠለጠነና የታጠቀ የውጭ ኃይል ነበር፣ የተሰጠው ተልእኮ ግን የውጭ ዜጎችን ይዞ መውጣት ብቻ ነበር።

በኤፕሪል 11 የሆነው ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። በኪጋሊ ኪቹኪሮ በሚገኘው ኢቴኦ በተባለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የቤልጂየም ሰላም አስከባሪዎች ሠፍረው ስለነበር ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጠልለውበት ነበር። ሚሊሻዎቹ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ይጠብቃሉ። ወታደሮቹ ትእዛዝ ደርሷቸው የውጭ ዜጎችን ይዘው ወጡ፤ የተጠለሉት ሰዎች ግን ከነልጆቻቸው እዚያው ቀሩ፣ በዚያኑ ቀን ንያንዛ ወደሚባል ቦታ ተነድተው አብዛኞቹ ተገደሉ። ስለ ሰላም አስከባሪዎች ተልእኮ የሚደረግ ማንኛውም የመማሪያ ክፍል ውይይት ከዚህ ቀን ቢጀምር ይመረጣል፤ እዚህ ላይ ተልእኮው ምን ይላል የሚለው ጥያቄ በአንድ አጥር ውስጥና ውጭ የሚታይ ነገር ይሆናልና።

አሁን ወደ ኤፕሪል 19 እንሂድ። በደቡብ የምትገኘው ቡታሬ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከጅምላ ግድያው በአብዛኛው ተርፋ ነበር፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ቱትሲ የነበሩት አስተዳዳሪዋ ግድያውን ለማገድ መጣራቸው ነው። አስተዳዳሪው ከሥልጣን ተነሥተው ጊዜያዊው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሲንዲኩብዋቦ በዚያ ቀን ቡታሬ ላይ ሕዝቡን «ወደ ሥራ» የሚገፋፋ ንግግር አደረጉ፤ ግድያውም ወዲያው ተስፋፋ። በዚያው ቀን ሂውማን ራይትስ ዋች እየተፈጸመ ያለው የዘር ማጥፋት መሆኑን ለጸጥታው ምክር ቤት በደብዳቤ አሳወቀ። በኤፕሪል 20 ዋና ጸሐፊው ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ ለምክር ቤቱ ሦስት አማራጮች አቀረቡ፦ ኃይሉን በብዛት ማጠናከር፣ ወደ 270 ሰው ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ጨርሶ ማስወጣት። በኤፕሪል 21 ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 912 ሁለተኛውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በዚያኑ ዕለት፣ ማለትም ሚያዝያ 13 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ በጊኮንጎሮ አቅራቢያ በሙራምቢ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተጠልለው የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቱትሲዎች ተጨፈጨፉ። ሁለቱ ዓምዶች በአንድ ቀን እንዲህ የሚገጥሙበት ገጽ በደብተሩ ውስጥ ብዙ የለም።

«ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ» ማን ነው?

ይህን ሐረግ በድርሰትዎ ውስጥ በጻፉ ቁጥር ቆም ብለው በምትኩ የአንድ አገር፣ የአንድ ተቋም ወይም የአንድ ባለሥልጣን ስም መጻፍ ይቻል እንደሆነ ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። በ1994 ሩዋንዳ ራሷ ከጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባላት አንዷ ነበረች፤ ግድያውን የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት ተወካይ ስለ ሩዋንዳ በሚደረጉ ዝግ ስብሰባዎች ውስጥ ይቀመጥ፣ ድምፅም ይሰጥ ነበር። ኒው ዚላንድ፣ ቼክ ሪፐብሊክና ናይጄሪያ ጠንከር ያለ እርምጃ እንዲወሰድ ሲገፋፉ፣ ዩናይትድ ስቴትስና ብሪታንያ ደግሞ ኃይሉን ማጠናከርን ይቃወሙ ነበር። ይሁን እንጂ ድምፁ ሲሰጥ ናይጄሪያም ኒው ዚላንድም ለቅነሳው እጃቸውን አውጥተዋል። ስለዚህ በስብሰባ የተነገረውና በድምፅ የተገለጸው ለየብቻ ይመዝገቡ።

ከመንግሥታት ውጭ ያሉትንም አይርሱ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ግድያው በተካሄደበት ጊዜ ሁሉ ከኪጋሊ አልወጣም። የጋና ወታደሮች ከዳሌር ጋር ቆይተው በአማሆሮ ስታዲየምና በሌሎች ቦታዎች የተጠለሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጠብቀዋል። ሴኔጋላዊው ሻምበል ምባየ ዲያኝ ያለ ትእዛዝ ሰዎችን በመኪናው እየጫነ በኬላዎች መካከል ሲያሳልፍ ቆይቶ በሜይ 31 ተገድሏል። እነዚህን የምጠቅሳቸው ለመጽናኛ አይደለም። የተቀነሰ ኃይል ወይም አንድ መኪና ያለው ሰው ይህን ያህል መሥራት ከቻለ፣ «ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር» የሚለው መከራከሪያ የሚፈተነው በእነርሱ ሥራ ስለሆነ ነው።

የባለሥልጣናቱን ውስጣዊ ወረቀቶች ማንበብም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ ብዙዎቹ ምሥጢርነታቸው ተነሥቶላቸዋል። በሜይ 1 ቀን 1994 በአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ አንድ የመወያያ ጽሑፍ፣ ድርጊቱ ዘር ማጥፋት ነው ተብሎ ከተረጋገጠ መንግሥት የሆነ ነገር እንዲያደርግ ሊያስገድደው ስለሚችል ጥንቃቄ እንዲደረግ ያሳስባል። ከቀናት በኋላ የዚያው መሥሪያ ቤት ሌላ ማስታወሻ የኤርቴኤልኤምን ሥርጭት ከአየር ላይ ማፈን ውጤታማ አለመሆኑንና አውሮፕላኑ በሰዓት 8,500 ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ ይገልጻል። በጁን 10 የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባይ ለጋዜጠኞች «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች» ተፈጽመዋል ብለው፣ ድርጊቱን በአጠቃላይ በዚያ ስም ከመጥራት ግን ተቆጥበዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያገኙ ማን ለማን ጻፈው፣ ማስታወሻው ሐሳብ ነው ወይስ ውሳኔ የሚለውን ለይተው ይጻፉ፤ የአንድ የበታች ሠራተኛ ማስታወሻ የመንግሥት ፖሊሲ ተብሎ ሲጠቀስ በተደጋጋሚ ይታያልና።

ከሜይ በኋላ

በሜይ 17 ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 918 እስከ 5,500 የሚደርስ ኃይል ፈቀደ፣ የመሣሪያ ማዕቀብም ጣለ፤ ማዕቀቡን የተቃወመችው ሩዋንዳ ብቻ ነበረች። ውሳኔ ቁጥር ይዞ መውጣቱ ግን ወታደር መድረሱን አያመለክትም። አሜሪካ ለመስጠት የተስማማችው 50 ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ግድያው እየቀጠለ በኪራይና በማጓጓዣ ሂሳብ ክርክር ተጓተተ። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ሁለት ቀን ይመደብለት፤ የጸደቀበትና መሬት ላይ የዋለበት። ቆይቶ በተሰማራው በዚህ ሁለተኛ ኃይል ውስጥ ኢትዮጵያም ወታደሮቿን አሰልፋለች።

በጁን 22 ፈረንሳይ በውሳኔ ቁጥር 929 ቱርኳዝ የተባለውን ዘመቻ እንድታካሂድ ተፈቀደላት፤ አሥር አገሮች ደግፈው አምስቱ ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። ዘመቻው ሰዎችን አትርፏል፤ ከሽንፈት የሸሹ ገዳዮችና ባለሥልጣናትም በዚያው ቀጠና በኩል ወደ ዛየር (የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) አምልጠዋል። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ አንዱን ለሌላው ሲባል መሰረዝ አይገባም። ጭፍጨፋውን ያስቆመው የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ወታደራዊ ድል ነበር፤ ኪጋሊን በጁላይ 4 ይዞ በወሩ አጋማሽ ጦርነቱን አጠናቀቀ። የግንባሩ ወታደሮችም በሰላማዊ ሰዎች ላይ የፈጸሙት ግድያ ተመዝግቧል። ይህ ራሱን ችሎ መጠናት ያለበት ወንጀል ነው፤ በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት ለማጣጣል «ሁለቱም ወገን አጥፍቷል» በሚል ሚዛን ላይ የሚያስቀምጡት ግን ክህደትን እያገለገሉ መሆናቸውን ማወቅ አለባቸው።

ስለ ሟቾች ቁጥር አንድ ቃል። የተባበሩት መንግሥታት ብዙ ጊዜ 800,000 ይላል፤ የሩዋንዳ መንግሥት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው ይላል፤ ሂውማን ራይትስ ዋች በጥናቱ ቢያንስ 500,000 ብሎ ነበር። ልዩነቱ ከቆጠራው ዘዴና ማን ተቆጠረ ከሚለው የሚመጣ ነው። አንዱን ከመረጡ የማን ግምት እንደሆነ ይግለጹ፤ ሦስቱን አደባልቆ አማካይ ማውጣት አይገባም።

ፍርድ ቤቶችና አጣሪዎች

በኖቬምበር 8 ቀን 1994 ምክር ቤቱ በውሳኔ ቁጥር 955 የሩዋንዳን ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ መቀመጫውም አሩሻ ሆነ። አዲሱ የሩዋንዳ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ጠይቆ ሳለ በድምፁ ግን ተቃወመው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሞት ቅጣት አለመኖሩ ነበር። አጥኚው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ፍርድ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 በታባ ከንቲባ በዣን ፖል አካየሱ ላይ የተሰጠው ነው፤ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ወንጀል የተሰጠ የመጀመሪያው የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሆን፣ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት መፈጸሚያ ሊሆን እንደሚችልም የወሰነው እርሱ ነው። ፍርዱ ሌላም ነገር ያስተምራል። ፍርድ ቤቱ እንዳገኘው አካየሱ እስከ ኤፕሪል 18 ድረስ በወረዳው ግድያውን ለመከላከል ሞክሯል፤ በዚያ ቀን ከጊዜያዊው መንግሥት መሪዎች ጋር በተደረገ ስብሰባ ከተገኘ በኋላ ግን ተለወጠ። ይህን ቀን በአንደኛው ዓምድ ከቡታሬው ንግግር በላይ ያስገቡት፤ ግድያው ወዴትና መቼ እንደሚስፋፋ ገና እየተወሰነ የነበረበት ሳምንትና ምክር ቤቱ ኃይሉን የቀነሰበት ሳምንት አንድ መሆናቸው ይታያል።

የጊዜያዊው መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ካምባንዳ ጥፋታቸውን አምነው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ የኤርቴኤልኤም መሥራቾችና የካንጉራ ጋዜጣ ባለቤት በ2003 በማነሣሣት ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤቱ 93 ሰዎችን ከስሶ በ2015 መጨረሻ ተዘጋ። በሩዋንዳ ውስጥ ጋቻቻ የተባሉት የማኅበረሰብ ሸንጎዎች እስከ 2012 ድረስ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን አይተዋል። ሁለቱን አሠራሮች ማወዳደር የራሱ ሰፊ ጥናት ነው፤ እዚህ ላይ መታለፍ ይችላል።

የውጭውን ዓለም ምላሽ በተመለከተ ቢያንስ ሦስት የአጣሪ ሪፖርቶችን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። በኢንግቫር ካርልሰን የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ነጻ አጣሪ ቡድን በዲሴምበር 1999 የድርጅቱ ውድቀት ከአቅም ማነስና ከፖለቲካ ፈቃደኝነት መጥፋት የመጣ መሆኑን ገለጸ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቋቋመውና የቀድሞው የቦትስዋና ፕሬዚዳንት ኬቱሚሌ ማሲሬ የመሩት ቡድን በ2000 ሪፖርቱን ሲያወጣ በፈረንሳይ፣ በአሜሪካ፣ በቤልጂየምና በቤተ ክርስቲያናት ላይ የበለጠ የከረረ ነበር። በፈረንሳይ በታሪክ ምሁሩ በቬንሳን ዱክሌር የተመራው ኮሚሽን በማርች 2021 አገሪቱ ከባድና ድርብርብ ኃላፊነት እንዳለባት ገልጾ፣ ተባባሪ ነበረች ለማለት ግን የሚያበቃ ማስረጃ በመዛግብቱ አላገኘም። ሦስቱ የሚስማሙባቸውን ነጥቦች አስቀድሞ ማውጣት፣ የሚለያዩበትን ደግሞ አጣሪውን ከሰየመው አካል ጋር አያይዞ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ዘዴውን ወደ ሌላ ጉዳይ መውሰድ

ይኸው የሁለት ዓምድ አሠራር በቦስኒያዋ ከተማ በስሬብሬኒጻም ይሠራል። በጁላይ 1995 ወደ 8,000 የሚጠጉ ቦስኒያዊ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች የተገደሉት የጸጥታው ምክር ቤት «የተጠበቀ ቀጠና» ብሎ ባወጀው ቦታ ነበር። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2007 ሰርቢያ ዘር ማጥፋቱን ራሷ ፈጽማለች ባይልም የመከላከል ግዴታዋን እንደጣሰች ፈረደ። ለአጥኚው የዚህ ፍርድ ትልቁ ጥቅም የመከላከል ግዴታ የሚጀምርበትን ጊዜ መወሰኑ ነው፤ አንድ አገር የዘር ማጥፋት ከባድ አደጋ መኖሩን ካወቀበት ወይም ሊያውቅ ይገባው ከነበረበት ቅጽበት ጀምሮ በአቅሙ ያለውን ሁሉ ማድረግ አለበት። በሩዋንዳ ደብተር ላይ ይህን መስፈርት ቢያስገቡት ቀኑ በኤፕሪል ላይ አይውልም።

ዳርፉር ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በሴፕቴምበር 2004 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ድርጊቱን ዘር ማጥፋት ብለው በይፋ ሲጠሩት ይህ አዲስ እርምጃን እንደማያስገድድ አብረው ተናገሩ። ከወራት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን መንግሥት የዘር ማጥፋት ፖሊሲ አልተከተለም፣ የተፈጸሙት ወንጀሎች ግን ከዚያ ያነሱ ላይሆኑ ይችላሉ አለ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2010 በዘር ማጥፋት ክስ በኦማር አልበሽር ላይ የመያዣ ትእዛዝ አወጣ። ሦስት አካላት፣ ሦስት ዓይነት መስፈርት፣ ሦስት የተለያየ መልስ፤ ስለዚህ በዳርፉር ላይ ሲጽፉ ለሦስቱ የተለየ ዓምድ ማዘጋጀት ግድ ይላል።

በአሁኑ ጊዜ በፍርድ ቤት ያሉ ጉዳዮችን ለሚከታተል ሰው አንድ የመጨረሻ ጥንቃቄ አለ። ጋምቢያ በማያንማር ላይ በኖቬምበር 2019፣ ደቡብ አፍሪካ በእስራኤል ላይ በዲሴምበር 2023 በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተዋል፤ በሁለቱም ጉዳዮች ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ እርምጃዎችን አዝዟል። የጊዜያዊ እርምጃ ትእዛዝ የሚሰጠው በስምምነቱ የሚጠበቁ መብቶች ላይ ሊታመን የሚችል ክርክርና ሊመለስ የማይችል ጉዳት ሥጋት ሲኖር ነው፤ ወንጀሉ ተፈጽሟል ወይም አልተፈጸመም የሚል ውሳኔ አይደለም። ዜና ዘጋቢዎች ይህን በሁለቱም አቅጣጫ ያሳስቱታል። በደብተሩ ላይ «ታዘዘ»፣ «ተወሰነ» እና «ተከሰሰ» የሚሉት ሦስት ቃላት በተለያየ ቀለም ቢጻፉ ከዚህ ስሕተት ያድናል።